መኪናው ሆቴሉ በር ላይ አይመጣም፦ ከዘርማት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በኮንትራት መኪና

«ዘርማት ነን። ነገ በረራ አለን። የኮንትራት መኪና ይዘናል። ሾፌሩ ሆቴሉ ጋ ስንት ሰዓት ይመጣል?»

ይህን ጥያቄ በስልክም በዋትስአፕም ደጋግሜ እሰማለሁ። ዘመድ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጡ፣ እዚሁ ስዊዘርላንድ እየኖሩ ወላጆቻቸውን የማተርሆርንን ተራራ ሊያሳዩ የወጡ ሁሉ ይጠይቁኛል። መልሱ አጭር ነው። ሾፌሩ ሆቴሉ ጋ አይመጣም። ዘርማት በምትባለው የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር ውስጥ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና አይገባም። የእንግዳ መኪና ኤሌክትሪክ ቢሆን እንኳ አይገባም። የኮንትራት መኪናችሁ የሚጠብቃችሁ ቴሽ ነው። ቴሽ ከዘርማት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ያለች መንደር ናት። ለሕዝብ መኪና ክፍት የሆነው መንገድ እዚያ ያልቃል።

ስለዚህ ጉዟችሁ ሦስት ቁራጭ አለው። ከሆቴሉ እስከ ዘርማት ባቡር ጣቢያ በኤሌክትሪክ ታክሲ፣ ከዘርማት እስከ ቴሽ በሻትል (በሁለቱ መካከል በሚመላለስ) ባቡር፣ ከቴሽ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ በኮንትራት መኪና። ሰው ብዙ የሚጨነቀው ለሦስተኛው፣ ለረጅሙ ነው። በረራ የሚያስመልጡት ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱ አጫጭሮቹ ናቸው። ማንም ስለማያስባቸው።

እኔም የተማርኩት በእናቴ ነው። መኪናውን ስይዝ የመነሻ ቦታው ላይ «ዘርማት» ብዬ የሆቴሉን ስም ጻፍኩ። ድርጅቱም ምንም ሳይል ተቀበለኝ። ስልክ ቁጥር ሲጠይቀኝ የእናቴን የኢትዮጵያ ቁጥር ሰጠሁ፤ ተጓዧ እሷ ናት ብዬ። ሾፌሩ በሰዓቱ ቴሽ ደርሶ ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። እኛ ሆቴሉ በር ላይ በበረዶ ቆመናል። እናቴ ጋቢዋን በካፖርቷ ላይ ደርባ፣ ሁለቱን ሻንጣ ግራና ቀኝ ይዛ፣ በመጣ ቁጥር ትንሿን የኤሌክትሪክ መኪና «ይቺ ናት?» ትለኛለች። 40 ደቂቃ ቆምን። በረራው ላይ የደረስነው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ከታች ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ሌላ እናት እንደዚያ እንዳትቆም ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰዓት ስጠቅስ መጀመሪያ የፈረንጁን፣ ከዚያ በቅንፍ የእኛን እጽፋለሁ። ምክንያቱን በኋላ ታያላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- መኪናው የተያዘበት ማረጋገጫ፣ ስልካችሁ ላይ በፎቶ የተቀመጠ። ሸለቆው ውስጥ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ቦታ አለ።
- የሾፌሩ ወይም የድርጅቱ ስልክ ቁጥር። ኢሜይል ብቻ አይበቃም።
- ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚሠራ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ
- የሻትል ባቡር ትኬት
- ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ፈቃዱን፤ በእጅ ቦርሳ ውስጥ
- የስዊስ ፍራንክ ሳንቲም፣ ለሻንጣ ጋሪና ለመጸዳጃ ቤት
- የባንክ ካርድ
- የሻንጣዎቻችሁ ብዛት የተጻፈበት ወረቀት፤ ስኪና የልጅ ጋሪ ካለ እሱም
- የልጆች ዕድሜና ቁመት
- በክረምት (በበረዶው ወቅት)፣ የማያንሸራትት ጫማ። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እግራችሁ ላይ።
- ውሃ፣ የሚቀመስ ነገር፣ ሁለት ፌስታል

1. ትኬታችሁ ላይ የትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንደተጻፈ አረጋግጡ

የዘርማት እንግዳ የሚጠቀምባቸው ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጄኔቫ፣ ዙሪክ እና ጣሊያን ውስጥ ያለው ሚላን ማልፔንሳ። ሦስቱም በተለያየ አቅጣጫ ናቸው። ተሳስቶ ሌላው ጋ መሄድ በሰዓታት የማይታረም ስህተት ነው።

ጄኔቫ፦ ከቴሽ ወደ 230 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ 3 ሰዓት ገደማ። በፊስፕ፣ በሲዮን፣ በማርቲኒ፣ በሞንትሮና በሎዛን በኩል ነው። ከሦስቱ ለክረምት የተሻለው ይኸኛው ነው። ፊስፕ ከወረዳችሁ በኋላ ተራራ የሚያሻግር መንገድ የለበትም። የሮን ወንዝን ሸለቆ ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ዙሪክ፦ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያዙለት። ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ ጎፐንሽታይን የሚባል ጣቢያ ላይ መኪናውን ባቡር ላይ ይጭነዋል። እናንተም መኪናው ውስጥ እንደተቀመጣችሁ ተራራውን በዋሻ አቋርጣችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካንደርሽቴግ ትወጣላችሁ። ባቡሩ ራሱ ፈጣን ነው። ወረፋው ግን በቅዳሜና እሁድ፣ በተለይ በስኪ ወቅት ይረዝማል።

ማልፔንሳ፦ በሲምፕሎን ተራራ ላይ ያልፋል። ከፍታው 2,005 ሜትር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው ቢባልም ከባድ በረዶ ሲጥል ይዘጋል። የአገር ድንበርም ታቋርጣላችሁ። ስለዚህ ፓስፖርቱ ከኋላ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ መሆን የለበትም።

2. ሰዓቱን ከበረራው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። ብዙ ሰው ከሆቴሉ ጀምሮ ወደ ፊት ይቆጥራል። «ቁርስ በልተን፣ ትንሽ ዞር ዞር ብለን እንወጣለን» ይላል። ከበረራው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የሚተርፍና የማይተርፈውም ወዲያው ይታያችኋል።

ለምሳሌ በረራው ከጄኔቫ በ20:30 (ከምሽቱ 2:30) ነው እንበል። ወቅቱ ክረምት ነው።

- ለረጅም በረራ ከ3 ሰዓት በፊት መድረስ አለባችሁ። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በ17:30 (11:30)።
- መንገዱ 3 ሰዓት ነው። ለበረዶና ለመጨናነቅ 1 ሰዓት ጨምሩበት። ከቴሽ መነሻ 13:30 (7:30)።
- ቴሽ ላይ ከባቡር መውረድ፣ ሾፌሩን ማግኘት፣ ሻንጣ መጫን 15 ደቂቃ ይበላል። ቴሽ መድረሻ 13:15 (7:15)።
- ባቡሩ 12 ደቂቃ ይወስዳል። በየ20 ደቂቃው ነው የሚነሳው። አንዱ ቢያመልጣችሁ ቀጣዩ እንዲያደርሳችሁ አድርጋችሁ ቁጠሩ። ዘርማት ጣቢያ መገኛ 12:35 (6:35)።
- የኤሌክትሪክ ታክሲው ሆቴሉ በር ላይ 12:15 (6:15)።

ከሆቴሉ በር እስከ በረራው ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሲያዩት የበዛ ይመስላል። አይደለም። በዚህ ምሳሌ ላይ ሾፌሩ ሎዛንን አልፎ ወደ ጄኔቫ የሚቃረበው ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ያ መስመር ያን ጊዜ ይጨናነቃል። የጨመርናት 1 ሰዓት ብዙ ጊዜ እዚያው ታልቃለች።

በበጋ (በረዶ በሌለበት ወቅት)፣ በሥራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ጭማሪውን ወደ 30 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ከዚያ በታች ግን አትውረዱ።

በረራው ጠዋት በጣም በማለዳ ከሆነስ? በ7:00 (ከጠዋቱ 1:00) የሚነሳ በረራ ላላቸው የምመክረው አንድ ነው። ዋዜማውን ወርዳችሁ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ እደሩ። ሻትሉ ሌሊቱን በየ20 ደቂቃው አይመላለስም። ሌሊት በተራራ መንገድ መንዳትም ለማንም አይመከርም።

3. መኪናውን ስትይዙ መነሻውን «ቴሽ፣ ማተርሆርን ተርሚናል» ብላችሁ ጻፉ

ማተርሆርን ተርሚናል የሚባለው ቴሽ ያለው የባቡር ጣቢያና የመኪና ማቆሚያ ነው። የመያዣው ገጽ «ዘርማት» የሚል ምርጫ ቢያቀርብላችሁም ማብራሪያው ላይ ቴሽ ብላችሁ ጨምሩ። ከዚያ ድርጅቱ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

ዋጋው ለመኪናው በሙሉ ነው ወይስ በሰው? የመኪና ባቡር ክፍያ ካለ ተካቷል? ሾፌሩ ቴሽ ላይ ስንት ደቂቃ በነፃ ይጠብቃል? ከዚያ በኋላ ስንት ያስከፍላል? ተርሚናሉ ላይ በትክክል የት ይቆማል? ባቡሩ ወይም መንገዱ ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል? የክረምት ጎማ አለው? ክፍያው አሁን ነው ወይስ ለሾፌሩ፣ በካርድ ነው ወይስ በጥሬ?

በጽሑፍ የምለው ለክርክር ብዬ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውና ሾፌሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የተጻፈው ብቻ ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርሰው።

ስልክ ቁጥር ሲጠይቋችሁ በዚያ ቀን በእጃችሁ የሚሆነውንና እዚህ የሚሠራውን ስጡ። ከአገር ለመጡ እናትና አባት መኪና የምትይዙ ከሆነ የራሳችሁን ቁጥር ሁለተኛ አድርጋችሁ ጨምሩ። ሾፌሩ አማርኛ አይችልም። እነሱም ምናልባት ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ አይችሉም። መሃል ላይ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል።

4. ሻንጣችሁን ቆጥራችሁ ንገሩ

ድርጅቱ «ስንት ሰው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም «ሦስት» ብለን እንመልሳለን። የእኛ ሦስት ሰው ግን ከሌላው ሦስት ሰው ይለያል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ሁለት ሁለት ይይዛል። ሦስት ሰው ስድስት ትልልቅ ሻንጣ ማለት ነው። የእጅ ቦርሳው፣ የቸኮሌቱ ፌስታል፣ ለአክስት የተገዛው ድስት ሲጨመር የቤት መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ይህን አይችልም። ስለዚህ «ሦስት ሰው፣ ስድስት ትልቅ ሻንጣ፣ ሦስት የእጅ ቦርሳ» በሉና ቫን ጠይቁ። ቴሽ ላይ ሻንጣ አልገባ ብሎ ሌላ መኪና መፈለግ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ልጅ ካለ እዚሁ ላይ ተናገሩ። በስዊዘርላንድ ሕግ 12 ዓመት ያልሞላው፣ ቁመቱም ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል። «እኔ አቅፌው እቀመጣለሁ» አይሠራም። ሾፌሩም አይነሳላችሁም፤ ልክ ነው።

5. የኤሌክትሪክ ታክሲውን ከዋዜማው ምሽት ያዙ

ዘርማት ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሳጥን የሚመስሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። አንዳንድ ሆቴል የራሱ አለው፤ እንግዳውን በነፃ ጣቢያ ያደርሳል። ሪሴፕሽን ላይ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ቀርቶ ይከፍላል። ከሌለ ሪሴፕሽኑ ታክሲ ይደውልላችኋል። ዋጋው በሰው ብዛትና በሻንጣ ይጨምራል።

እንደ አዲስ አበባ ራይድ እዚያው ጠርቶ እዚያው መሳፈር ላይ አትተማመኑ፤ በተለይ ቅዳሜ ጠዋት። ቅዳሜ የሳምንቱ እንግዳ የሚቀያየርበት ቀን ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ክፍል ይለቃል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ታክሲ ይፈልጋል። ዋዜማ የያዘ ሰው ይሳፈራል፤ ያልያዘው በበረዶ ላይ ሻንጣ ይጎትታል። የሻንጣ ጎማ ደግሞ ትኩስ በረዶ ላይ አይሽከረከርም። እንደ ማረሻ እየቆፈረ ነው የሚሄደው።

ባቡሩን ጨርሶ መተው የሚፈልግ ሌላ መንገድ አለው። ቴሽ ያሉ ፈቃድ ያላቸው ታክሲዎች በተዘጋው መንገድ እስከ ዘርማት መግቢያ ድረስ ይወጣሉ። እዚያ ድረስ በኤሌክትሪክ ታክሲ ሄዳችሁ ትቀይራላችሁ። ባቡር በማይኖርበት ሰዓት ለሚወጣና እግሩን ለሚያመው ሰው ይጠቅማል። እሱም በቀጠሮ ነው።

6. የሻትሉን ትኬት ቀድማችሁ ግዙ

በባቡር ጣቢያው ማሽን፣ በመስኮት ወይም በስዊስ ባቡር አፕ ይገዛል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። የስዊስ ትራቭል ፓስ (በአገሪቱ ባቡሮች የሚያስኬደው የቱሪስት ትኬት) ያለው ሰው ሌላ ትኬት አያስፈልገውም። ዋዜማውን ለመንሸራሸር ስትወጡ ጣቢያው ዋናው መንገድ ጫፍ ላይ ስለሆነ እግረ መንገዳችሁን ግዙ። ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ፊት ያለው ሰልፍ ሁለት ባቡር ሊያሳልፋችሁ ይችላል።

7. ዋዜማውን ማታ የሚሠራ ሥራ

የሆቴሉን ሒሳብ ማታውኑ ዝጉ። ጠዋት ሪሴፕሽን ላይ ስድስት ቤተሰብ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሻንጣ ስትሸክፉ ለስጦታ የገዛችሁትን የስዊስ ሴንጢ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። የእጅ ቦርሳ ውስጥ የቀረ ፍተሻ ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል። ለስላሳ አይብና ፎንዱም (ቀልጦ የሚበላው አይብ) እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ እነሱንም አብራችሁ ጫኑ።

ለድርጅቱ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ነገ 13:15 ቴሽ እንደርሳለን፣ ሦስት ሰው፣ ስድስት ሻንጣ።» መልስ ካልመጣ ደውሉ። መልስ ሳታገኙ አትተኙ።

የባቡሩን ሁኔታ አፑ ላይ እዩ። የመንገዱንም ሁኔታ አጣሩ። ከባድ በረዶ እየጣለ ከሆነና ትንበያው እንደሚቀጥል ከተናገረ፣ ነገን ሳትጠብቁ ዛሬ ማታ ውረዱ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። በጃንዋሪ 2018 እና በኤፕሪል 2025 ዘርማት በበረዶ ምክንያት ባቡሩም መንገዱም ተዘግቶ ነበር። አንዴ ከተዘጋ ገንዘብ አይከፍተውም።

8. ጣቢያው ውስጥ

ዘርማት ጣቢያ ስትደርሱ መጀመሪያ የሻንጣ ጋሪ ፈልጉ። የሻትሉ ጥሩ ነገር ጋሪው ከነሻንጣው ባቡሩ ውስጥ መግባቱ ነው። ወለሉ ከመድረኩ ጋር እኩል ነው፤ ማንሳት መሸከም የለም። ስድስት ሻንጣ ይዞ ከእናቱ ጋር ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚያው ጣቢያ ወደ ፊስፕ የሚሄድ ባቡርም ይነሳል። እሱም ቴሽ ይቆማል። ግን ጋሪ ለያዘ ሰው የሚሆነው ሻትሉ ነው። ሰሌዳው ላይ መድረሻው «ቴሽ» የሚለውን እዩ።

ልክ ባቡሩ ሲነሳ ለሾፌሩ «ተነስተናል» ብላችሁ ጻፉለት። 12 ደቂቃ ነው፤ እሱም መኪናውን ያስጠጋል።

9. ቴሽ ላይ

ከባቡሩ ወርዳችሁ ሰው ወደሚሄድበት በዘፈቀደ አትሂዱ። አብዛኛው ሰው የራሱን መኪና ወዳቆመበት ማቆሚያ ነው የሚሄደው። እናንተ በማረጋገጫው ላይ የተጻፈው ቦታ ጋ ሂዱ። ሾፌሩ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይይዛል። ስማችሁን አሳጥሮት ወይም አዛብቶት ሊሆን ይችላል። አባት ስም ብቻ የጻፈም አጋጥሞኛል። ስለዚህ የማረጋገጫ ቁጥሩን አመሳክሩ። «ወደ የት ነው የምንሄደው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እሱ ራሱ ይንገራችሁ። እናንተ «ጄኔቫ ነው አይደል?» ካላችሁ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ሾፌርም አዎ ሊል ይችላል።

ሻንጣ ሲጫን ቁጠሩ። ስድስት ይዛችሁ ከሆነ ስድስት መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ጋሪው ላይ የተረሳ ቦርሳ የሚታወሳችሁ ሲዮን ስትደርሱ ነው።

10. መንገድ ላይ

ከቴሽ እስከ ፊስፕ ያለው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። የሚያቅለሸልሸው ሰው ፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ስልክ አይመልከት። ፌስታሎቹ ለዚህ ናቸው። ፊስፕ ከደረሳችሁ በኋላ ይቀላል። ግን በፊስፕና በሲየር መካከል አውራ ጎዳናው ያላለቀበት ክፍል ስላለ መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሾፌሩ እያዘገመ መስሏችሁ አትጨነቁ።

ማቆም ከፈለጋችሁ ገና ስትነሱ ንገሩት። ማርቲኒ አካባቢ አንድ የ10 ደቂቃ እረፍት ይበቃል። ሎዛንን አልፎ «እዚህ ጋ አቁምልኝ» ማለት የጨመራችኋትን ጊዜ ይበላል።

በሚላን የምትወጡና የግብር ተመላሽ ወረቀት (ለገዛችሁት ዕቃ የከፈላችሁት ግብር የሚመለስበትን) የያዛችሁ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። የስዊዝ ጉምሩክ ማኅተም የሚመታው ከስዊዘርላንድ ስትወጡ፣ ድንበሩ ላይ፣ ጎንዶ ነው። ማልፔንሳ ከደረሳችሁ አልፏል። ሾፌሩን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ዕቃውም የሚታይበት ቦታ ይሁን።

11. አውሮፕላን ማረፊያው

ከጄኔቫና ከዙሪክ ለምትወጡ፣ የግብር ተመላሹ ማኅተም የሚመታው ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት ነው። ጉምሩኩ ዕቃውን ልይ ሊል ይችላል። ሻንጣው ከሄደ ማሳየት አይቻልም።

በቪዛ ለአጭር ጊዜ የመጣችሁ ደግሞ ለፓስፖርት ቁጥጥሩ ተጨማሪ ጊዜ ያዙ። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ሸንገን አገሮች የአጭር ጊዜ እንግዶችን የጣት አሻራና ፎቶ መመዝገብ ጀምረዋል። ስዊዘርላንድም እዚህ ውስጥ ናት። የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው አይመለከታቸውም። ስለዚህ ልጅና እናት በአንድ ሰልፍ ላይሆኑ ይችላሉ። ፓስፖርታቸውን በእጃቸው ስጧቸው።

ማስጠንቀቂያዎች

በተዘጋው መንገድ በራሳችሁ ወይም በዘመድ መኪና ወደ ዘርማት ለመውጣት አትሞክሩ። ከቴሽ በላይ ያለ ፈቃድ የነዳ ይቀጣል።

ቴሽ ላይ «ርካሽ ነው፣ እኔ ልውሰድህ» የሚል ያልተያዘ መኪና ውስጥ አትግቡ። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይሸፍናችሁ ይችላል።

ቀበቶ ከኋላም ግዴታ ነው። ትልልቅ ሰዎች ከኋላ ማሰር ላይለምዱ ይችላሉ። እናንተ አስሩላቸው።

ለድንገተኛ ሕመም 144፣ ለፖሊስ 117 ይደወላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

ትልቁ የሰዓት ስህተት ነው። ድርጅቱ 10:00 ይላል። ልጅ ለእናቷ ደውላ «አሥር ሰዓት ነው» ትላለች። እናት የምታውቀው አሥር ሰዓት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። አዛውንት ካሉ በእኛ ሰዓት ተናገሩ፦ «ከጠዋቱ አራት ሰዓት።» ወረቀት ላይም ጻፉላቸው። ቀኑንም እንዲሁ። የእኛ ወር 12ኛው ቀንና የፈረንጆቹ ወር 12ኛው ቀን አንድ ቀን አይደሉም። የሳምንቱን ቀን ስም ጨምሩ፤ «ቅዳሜ» ሲባል ማንም አይሳሳትም።

ሁለተኛው፣ ዋጋውን ብቻ አይቶ መያዝ ነው። ብቻውን የሚሄድ፣ አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው የኮንትራት መኪና ላያስፈልገው ይችላል። ከዘርማት ፊስፕ ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ከፊስፕ ጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ቀጥታ ባቡር አለ። ኮንትራቱ የሚያዋጣው ለቤተሰብ፣ ለብዙ ሻንጣና መራመድ ለሚከብደው ሰው ነው።

ሦስተኛው፣ ሾፌሩን ለማስደሰት «ችግር የለም፣ ቀስ ብለን እንመጣለን» ማለት ነው። ነፃ የመጠበቂያው ጊዜ ካለቀ ሾፌሩ ያስከፍላል ወይም ይሄዳል። ከዘገያችሁ በግልጽ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ንገሩት።

ባቡሩ ወይም መንገዱ ከተዘጋ

የተዘጋው የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ለዩ። ከቴሽ እስከ ፊስፕ ያለው መኪና መንገድ ተዘግቶ ባቡሩ የሚሄድ ከሆነ፣ ባቡሩን እስከ ፊስፕ ያዙና ሾፌሩ ፊስፕ ጣቢያ እንዲጠብቃችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ለእነሱም መንገዱ ያጥርላቸዋል። ሻትሉ ቆሞ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሪሴፕሽኑ ፈቃድ ያለው የቴሽ ታክሲ እንዲፈልግላችሁ አድርጉ።

ሁለቱም ከተዘጉ የምትደውሉት ለአየር መንገዱ ነው። በረራው ከመነሳቱ በፊት። ካለፈ በኋላ የደወለ ሰው ያልቀረበ ተብሎ ይመዘገባል፤ ትኬቱም ሊሰረዝበት ይችላል። ከዚያ ለኮንትራት መኪናው ድርጅት ጻፉ። መጨረሻ ላይ መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከሆቴሉ ጠይቁ። የጉዞ ኢንሹራንስ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን ወረቀት ነው።